ሁለቱ የጎመን መደቦች

«ከዚያኛው አይደለም አልኩሽ!»

ዚዩ እጇን ከቅርጫቱ ላይ ሰበሰበች። የእናቷ ምት እምብዛም አላመማትም፤ ድንጋጤው ግን እንቅልፏን አባረረው። ለቁርስ ሾርባ በረግረግ ከሚበቅለው የውሃ ጎመን አንድ ጭብጥ ልታነሳ ነበር። ቅርጫቱ ሙሉ ነው፤ ከቅጠሉ ላይ ጤዛው ገና አልረገፈም።

«ምን አለበት እማዬ? ይሄ ሁሉ እያለ?»

«እሱ የገበያ ነው። የኛን ከጓሮ ቁረጪ» አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል እስሮቹን በገለባ እያሰረች።

የጓሮዋ መደብ ጠባብ ናት። አፈሩን አባቷ ለግንባታ ሥራ ወደ ሐኖይ ከመሄዱ በፊት ከወንዙ ግድብ ማዶ በጋሪ እየጫነ ያመጣው ነው። ዚዩ እስከ ዛሬ ለምን እንደዚያ እንደለፋ ጠይቃ አታውቅም። አሁን ጎንበስ ብላ ስትቆርጥ ግን ነገሩ ታያት። ከኩሬው በታች ካለው፣ ውሃ ከተኛበት ትልቁ ማሳ የተቆረጠ ቅጠል የእነሱ ድስት ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

የመንደሩ ሰው ድሮ በየግቢው አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ እርሳስ ያቀልጥ ነበር። ማቅለጫዎቹ ከተዘጉ ቆይቷል፤ አሲዱና ዝቃጩ የተደፋበት ኩሬ ግን ከነአፈሩ እዚያው አለ። በቅርቡ የመጡ የጤና ባለሙያዎች ሰዉን አዳራሽ ሰብስበው፣ ከኩሬው በታች ቅጠላ ቅጠል እንዳይተከል ነገሩት። ተክሉ እርሳሱን በሥሩ ይስበዋል፤ ማጠብም መቀቀልም አያስወጣውም፤ ከሁሉ ይልቅ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል አሉ። ሰዉ አዳመጠ፣ አመሰገነ፣ በማግስቱ ተመልሶ እዚያው ማሳው ገባ። ሌላ መሬት የሰጠው አልነበረም።

ትምህርት ቤት ስትደርስ ኳንግ በሩ ላይ ጠበቃት። ከከተማ ልጆች ሁሉ አፉ የማያርፈው እሱ ነው።

«እርሳስ መጣች! መቅረጫ ያለው ሰው?»

«አንተ ራስህን እንደ ላጲስ ፍቀህ ጥፋልን!» አለችው ሚየን ከኋላ፤ ልጆቹ ሳቁ። ሚየን የዚዩ የልብ ጓደኛ ናት፤ እናቷ እትዬ ቶዋ ከግድቡ አጠገብ ባለው መዋዕለ ሕፃናት ምግብ አብሳይ ናቸው። የልጆቹን ጎመን የሚገዙት ከዚዩ እናት ነው።

በእረፍት ሰዓት ሚየን ክንዷን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«ስሚ፣ እንዳትቀየሚኝ። ሰው ብዙ እያወራ ስለሆነ ነው። እናትሽ ጎመኑ ከግድቡ ማዶ ነው ብላ ለእማዬ ነግራታለች። ግን ካንቺ ብሰማው ይሻለኛል።»

ዚዩ ጫማዋን አየች። «ከግድቡ ማዶ ነው» አለች።

«አውቄ ነበር!» ሚየን እፎይ ብላ ሳቀች። «ኩን እኮ መዋዕለ ሕፃናቱ ነው የሚውለው። ሌላው ልጅ ጎመን ሲያይ ያለቅሳል፣ የኛው ጉድ ደግሞ ጨምሩልኝ ይላል። ወንድም ሳይሆን ጥንቸል ነው የተወለደልኝ!»

ዚዩም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወንበሯን ስታንቋቋ አስተማሪዋ ሁለቴ ገሠጿት። ደብተሯን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ጥፍሯን በላች። ቤት የምትሄድበት ሰዓት ራቀባት፤ ሲደርስ ደግሞ መሄድ አስጠላት።

እቤት ታላቅ ወንድሟ ሳንግ ዳክዬዎቹን እየመገበ ነበር። ዕድሜው ዳቦ ቤት ተቀጥሮ ለመሥራት ይበቃል፤ ግን ቁጥር ሲቆጥር መሃል ላይ ይጠፋበታል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። ስታየው እንደ ሁልጊዜው ፊቱ በራ። ዚዩ ራሱን ዳበሰችውና ወደ እናቷ አለፈች።

«እማዬ፣ እኛ የማንበላውን ለምን እንሸጣለን?»

እናቷ ማጭዱን እየሳለች ነበር። መሳሏን አላቆመችም።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«ማንም። ዛሬ ጠዋት ራሴ አየሁት።»

የማጭዱ ድምፅ ቆመ። እናቷ ወደ ሳንግ ዞረች።

«እሱ እዚህ ግቢ ሲድህ እኔ እዚያ ጋ ተቀምጬ ባትሪ እሰብር ነበር» አለች። «አመዱ ላይ ይጫወታል፣ እጁን ይልሳል። ሲስቅልኝ እስቅለታለሁ። እርሳስ ልጅን እንደሚበላ ማንም አልነገረኝም፣ ዚዩ። ማንም።»

«አሁን ግን ተነግሮሻል።»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ዚዩ ራሷ ደነገጠች። እናቷ ግን አልተቆጣችም፤ ፊቷ ብቻ ተጨማደደ።

«እና ምን ልሽጥ? ጭቃውን?» አለች። «ለትንሽ ጊዜ ነው። አባትሽ እስኪመጣ። ነገ የመዋዕለ ሕፃናቱን አንቺ አድርሺ፤ እኔ ማሳ ነኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ዚዩ ቅርጫቱን ብስክሌቱ ላይ አስራ ወጣች። ግድቡ ላይ ስትደርስ ወረደችና ገፋች። እንደገና ወጣች። እንደገና ወረደች። ቦዩ ውስጥ ልድፋው ይሆን? ተንሸራትቶብኝ ነው እላለሁ። ከዚያስ? ነገ ሌላ ቅርጫት አለ። ከነገ ወዲያም። በየቀኑ መንሸራተት አይቻልም።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ወጥ ቤት በር ክፍት ነበር። እትዬ ቶዋ ሩዝ ያጥባሉ፤ ሚየን ከትምህርት ሰዓት በፊት ልታግዛቸው መጥታ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ከማዶ ክፍል የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«መጣሽ የኔ ልጅ!» አሉ እትዬ ቶዋ እጃቸውን እያደራረቁ። «አምጪው፣ ውሃው ሊፈላ ነው።»

ዚዩ ቅርጫቱን አቅፋ ቆመች።

«እትዬ፣ ይሄን አይቀቅሉት።»

«ምነው? ደረቀ እንዴ?»

«ከግድቡ ማዶ አይደለም። ከኩሬው በታች ነው። ሁሌም ከዚያ ነበር።»

እትዬ ቶዋ እጃቸውን ወደ ቅርጫቱ እንደዘረጉ ቀሩ፤ ቀስ ብለው ሰበሰቡት። ከዚያ ወደ ልጆቹ ክፍል ዞር ብለው አዩ። ያ አተያይ ለዚዩ ከስድብ የባሰ ሆነባት።

ሚየን ግን ጮኸች። «ትናንት ፊት ለፊት ጠይቄሻለሁ! ዓይኔን እያየሽ...»

«ጫማዬን ነበር የማየው» አለች ዚዩ። ለምን እንዲህ እንዳለች ራሷም አላወቀችም።

«ሂጂልኝ! ኩን እኮ ነው! ኩን እኮ ነው የሚበላው!» የሚየን ድምፅ ተሰበረ። ቢላዋውን ጣለችና ወደ ልጆቹ ክፍል ሮጠች።

«እትዬ...» አለች ዚዩ። «ጤና ጣቢያ የልጆች ደም ይመረምራሉ ብለው ነበር ባለሙያዎቹ፣ አዳራሹ ውስጥ። ሁሉንም ቢወስዷቸው...»

«እወስዳቸዋለሁ» አሉ እትዬ ቶዋ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እናትሽ መምጣትሽን ታውቃለች?»

«መምጣቴን ታውቃለች። መናገሬን አታውቅም።»

«እንግዲያው ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማ ሂጂ ንገሪያት።»

ዚዩ ቅርጫቱን እንደያዘች ተመለሰች። በዚያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄደችም። ወሬው ከብስክሌቷ የሚቀድም እየመሰላት ፔዳሉን ረገጠችው።

እናቷ በባርኔጣዋ ጎንበስ ብላ እየቆረጠች ነበር። ከነቅርጫቱ ስታያት ገባት። ቀና አለች፤ ወገቧን ያዘች።

«ነገርሻቸው።»

«ነገርኳቸው።»

እናቷ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ዚዩ ጩኸት ጠበቀች፤ ጥፊም ጠበቀች። አንዳቸውም አልመጡም።

«ነገ ገበያ ማን ያየኛል?» አለች እናቷ፣ ለራሷ እንደምታወራ። «ለአባትሽስ ምን እለዋለሁ?»

«እኔ እደውልለታለሁ። ገበያም አብሬሽ እቆማለሁ።»

«ምን ይዘሽ ነው የምትቆሚው?»

ዚዩ ቅርጫቱን አስቀመጠችና ሱሪዋን ጠቅልላ የማሳው ውሃ ውስጥ ገባች። የውሃ ጎመን በማጭድ ሲቆረጥ ጉቶው ጭቃው ውስጥ ይቀራል፤ ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ያቆጠቁጣል። እሷ ማጭድ አልፈለገችም። አንዱን ግንድ ከሥሩ ያዘችና ሳበችው። ታገላት፤ ከዚያ ጥቁር ጭቃውን አንጠልጥሎ ወጣ። ዳር ላይ ጣለችው። ሁለተኛውን ያዘች።

እናቷ ቆማ ታያታለች። ዚዩ ቀና ብላ ማየት ፈራች፤ ካየች የምታቆም መሰላት። ሦስተኛው እምቢ አላት፤ በሁለት እጇ ጎተተችው።

«በባዶ እጅሽ አይሆንም» አለች እናቷ።

የጎማ ጓንቶቿን አንድ በአንድ አወለቀችና ወረወረችላት።