ሁለተኛው ትራንዚስተር

በኤሌክትሮኒክስ የተግባር ፈተናው ላይ፣ ክፍሉ ቀጭኔ የሚላት ልጅ መብራት አልበራም አለ። ሽቦዎቹን ለሦስተኛ ጊዜ ነቅላ ሰካቻቸው፤ ያው ነው።

«ምን አድርጌው ይሆን?» አለች በሹክሹክታ፣ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ሮኬት ዘንበል ብላ።

ለሮኬት ይህን ቅጽል ስም ያወጡላት ሁሉን ነገር ከክፍሉ ቀድማ ስለምትጨርስ ነው። ዛሬም የእሷ ትንሽ ቀይ መብራት ከሁሉም ቀድማ በርታለች።

«እኔ እንጃ» አለች ቀና ሳትል።

ግን ታውቃለች። ከሩብ ሰዓት በፊት ለመቅደም ስትጣደፍ የኤሌክትሪኩን ኃይል የሚቀንሰውን ሬዚስተር ረስታ ባትሪውን በቀጥታ መብራቱን ከሚያበራው ባለ ሦስት እግር ትራንዚስተር መካከለኛ እግር ጋር አገናኘችው። ትራንዚስተሩ ጣቷን ለበለባት፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት። ቀጭኔ ባትሪ ልታመጣ ሄዳ ነበር። ቀጭኔ በሽቦ መሰኪያ ሰሌዳዋ ላይ የሰካችው ትራንዚስተር ከተቃጠለው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ሁለቱን ለመለዋወጥ ሦስት ሰከንድ እንኳ አልፈጀባትም።

«ቀጭኔ፣ ሽቦው ካልደረሰልሽ አንገትሽን ሰኪው!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«ዝም በሉ!» አሉ መምህሩ የማርክ መዝገባቸውን ይዘው እየተነሡ። «ማረም ጀምሬያለሁ። ደግሞ ትርፍ ትራንዚስተር የለኝም፤ ያቃጠለ ሰው ዜሮውን ይዞ ይወጣል።»

ቀጭኔ ያለፈውን የተግባር ፈተና ወድቃለች። ዛሬም ካልበራላት ትምህርቱን ክረምት ላይ ትደግማለች። መምህሩ የፊተኛውን ረድፍ ጨርሰው ሁለተኛውን ጀመሩ። ቀጭኔ ሽቦዎቹን ለአራተኛ ጊዜ መንቀል ጀመረች፤ አንዱ ሽቦ ወለሉ ላይ ወደቀባት።

«በቃ፣ እኔ ደደብ ነኝ» አለች። «አንቺን የመሰለች ሰው አጠገቤ ተቀምጣ እንኳ አይገባኝም።»

ሮኬት ቀና ስትል መምህሩ አጠገቧ ቆመዋል።

«አንቺማ መቼም ጨርሰሻል» አሉ ፈገግ ብለው። እስክሪብቷቸው መዝገቡ ላይ አረፈ።

«ቲቸር፣ አንዴ ይጠብቁኝ።»

ትራንዚስተሩን ከሰሌዳዋ ላይ መንቀል ጀመረች። ቀይዋ መብራት ድርግም አለች።

«እንዴ! አበድሽ?» አለች ቀጭኔ።

«ያንቺ ነው። በዚህ ሞክሪ።»

ከዚያ የተቃጠለውን ከቀጭኔ ሰሌዳ ላይ ነቀለችው። ሦስቱም እግሮቹ እንዳይታጠፉ ተጠንቅቃ፣ ምንም ሳትጣደፍ፣ መዳፏ ላይ አስቀምጣ ለመምህሩ ዘረጋችላቸው።