ሴቭ ያልተደረገው ራውተር

ቴክኒሻኑ ወልደተንሣኤ በኮምፒውተር ማሰልጠኛው ማሽን ክፍል፣ ከአዲሱ የኢንተርኔት ራውተር ሥር፣ ማጅራቱን በመዶሻ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ኢንስፔክተር መስከረም ጎረቤላ ከተማ ስትደርስ ብርዱ የሰው ጥላ ሳይቀር ያስነጥስ ነበር። ዘበኛው ጋሽ ባየው በካቴና ታስረው መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሾፌሩ ወደ ደብረ ብርሃን ልነሣ እያለ ክላክሱን ያንባርቃል።

ሃምሳ አለቃ ዘሥላሴ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። ሁለተኛው ቴክኒሻን ቃለ አብ በአራት ሰዓት ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ከሟች ሌላ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁለት ናቸው፦ ቀኑን ሙሉ ከተመዝጋቢዎች ፊት ያልተነሣችው መዝጋቢዋ ደመቀች፣ እና «ምድጃዬን ነቅሎ ራውተር ሰካ» ብለው ከሟች ጋር የተጣሉት ባየው። መብራት ሰባት ሰዓት ላይ ጠፋ፤ ስምንት ላይ ሬሳው ተገኘ።

«ቃለ አብ ራሱ እንደሚለው፣ እሱ ሲወጣ ሟች ገና ለራውተሩ ስም እየሰጠው ነበር» አለና የሥራ ዕቅዱን ዘረጋላት። ስም፣ የይለፍ ቃል፣ አድራሻ፣ የውጭ ተጠቃሚ መዝጋት፣ ሴቭ። አምስቱም ራይት ተደርገዋል። «የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። እስከ ስድስት በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

መስከረም ክፍሉን ስትመላለስበት ወለሉ ሊቦረቦር ምንም አልቀረው። ደመቀችን ስለ ሟች ጠባይ ጠየቀቻት።

«ሳይሠራ ራይት አያደርግም፣ እቴ። የጫማውን ክር አስሮ እንኳ ራይት ያደርጋል እያልን እንስቅበት ነበር።»

መብራት ተመልሶ ስለ ነበር መስከረም ላፕቶፕ ከራውተሩ ጋር አገናኘች፤ ጥቂት አየችና፣ በመስኮቱ ወጥቶ ወደ ጎረቤት ሱቆች የሚሄደውን ገመድም በዓይኗ ተከትላ፣ ሁሉንም አስጠራች። ባየውም ከነካቴናቸው መጡ።

«ራውተር ሴቭ ያልተደረገለትን ሁሉ መብራት ሲጠፋ ይረሳል» አለች። «ይኸኛው ስም የለው፣ የይለፍ ቃል የለው፤ ከካርቶን እንደወጣ ነው። ስለዚህ ወልደተንሣኤ ሴቭ ሳያደርግ ሞቷል። የመጨረሻውን ራይት ያደረገው ሌላ ሰው ነው። ሟች ብዙ የቆየ ሲመስል ማን ይጠቀማል? ጋሽ ባየውና ደመቀች እዚሁ ነበሩ፤ ይጎዱበታል እንጂ። የሚጠቀመው ቀድሞ የወጣው ብቻ ነው።»

ቃለ አብ ሊሥቅ ሞከረ። «እኔ ብሆን ሴቭ ማድረግ ያቅተኛል?»

«አቅቶሃል። ከዕቅዱ ሁለተኛው ላይ ደርሶ በይለፍ ቃል ቆልፎብህ ነበር። አራተኛውን ስታነብ፣ ለሱቆቹ በድብቅ የዘረጋኸው የኢንተርኔት መሥመር ሊዘጋ መሆኑን አይተህ መታኸው። ከዚያ ሥራውን ልትጨርስለት ስትል ራውተሩ የይለፍ ቃሉን ጠየቀህ። ወረቀት ግን ቃል አይጠይቅም።»

ቃለ አብ ራውተሩን እንደ ባላጋራ አፈጠጠበት።

«ሦስት ጊዜ ሞከርኩ» አለ ቀስ ብሎ።

ካቴናው እጅ ቀየረ። ጋሽ ባየው አንጓቸውን እያሻሹ ወደ አምፖሉ ቀና አሉ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «መብራት በጠፋ ቁጥር መራገሜን ትቻለሁ።»