ወፏ የጠራችው ስም

«ወፏ ተናግራለች» አሉ ግራዝማች ይርዳው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

ከወይራው ጥላ ሥር በክብ የተቀመጡት ተማሪዎች ሁሉ ወደ እርሳቸው ዞሩ። ከጥዋት ጀምሮ እግሩን እያጠፈና እየዘረጋ ሲያጉረመርም የነበረው ደሴ እንኳ አፉን ዘጋ። ዓለምጸሐይ ከጓደኛዋ ከታደለች ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠግታ ተቀምጣ ነበር። የሰባተኛ ክፍል ሴቶች ልጆች እነርሱ ሁለቱ ብቻ ነበሩና በክፍልም በደጅም የማይለያዩ ነበሩ።

«ወፏ እንዲህ ትላለች» ሲሉ ቀጠሉ ሽማግሌው። «የሚስ ሄለንን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሰበረችው የመሪጌታ ገብረ ሥላሴ ልጅ ዓለምጸሐይ ናት። የዕቃ ቤቱን በር በላዩ ላይ ዘጋችበት። ቁልፉን ከአንገቷ ማተብ ጋር አስራ በቀሚሷ ውስጥ ትይዘዋለችና ከእርሷ በቀር የሚከፍት ሰው የለም።»

ዓለምጸሐይ አስቀድማ የሰማችው ስሟን ነበር። ከስሟ ይልቅ ልቧን የወጋው ግን የኋለኛው ቃል ነው። ቁልፉ ከማተቧ ጋር መታሰሩን ለአባቷ እንኳ አልነገረችም። ያን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከማተቡ ጋር አጥብቆ የቋጠረላትም ያው ሰው ነው።

ቀስ ብላ ወደ ጎን ዞረች። ታደለች ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ መሬት መሬቱን ታያለች። ተጠጋግቶ የነበረው ትከሻቸው መቼ እንደ ተለያየ ዓለምጸሐይ አላወቀችም።

አውጫጭ በእስቴም በጋይንትም የቆየ ሥርዓት ነው። ከብት ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል ያገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣም ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ሁሉም ተራ በተራ እየተነሣ የሚያውቀውን በተመረጡት ሽማግሌ ጆሮ ያንሾካሹካል። ሽማግሌውም የተናጋሪውን ስም ሰውረው «ወፏ እንዲህ አለች» ብለው ለጉባኤው ያሰማሉ። ወፏ ማን እንደ ሆነች መጠየቅ ነውር ነው።

ይህን ሥርዓት ወደ ትምህርት ቤቱ ያመጡት ዲሬክተሩ አቶ ዳኛቸው ናቸው። «በአለንጋ የወጣ እውነት አይታመንም» አሉ። ሚስ ሄለን «ዘንግ ነው፤ ይቅር» ብለው ቢለምኗቸውም አልተቀበሉም። «ነገሩ የዘንግ አይደለም። እንግዳ አምኖ ያስቀመጠው ዕቃ በደጃችን ተሰብሮ ዝም አንልም» ሲሉ መለሱ።

ሚስ ሄለን ከባሕር ማዶ እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ ወደ መካነ ኢየሱስ የመጡ ወጣት መምህርት ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዋንቃ ወንዝ ወርደው ዓሣ ያጠምዳሉ። ሴት ብቻዋን ወንዝ ለወንዝ ስትዞር ለሰው ዓይን አይመችምና ሁለቱ ልጃገረዶች ይከተሏቸው ነበር። ዘንጉ ከቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥቆች ተጣብቆ የተሠራ፣ በናስ መጋጠሚያ የሚቀጣጠል፣ ጫፉ እንደ ስንዴ አገዳ የቀጠነ ነው። በክሩ ጫፍ የሚታሰረው ትል አልነበረም፤ ከላባ የተሠራች፣ መንጠቆ በሆዷ የደበቀች ዝንብ ናት።

«በላባ ዓሣ ልታታልል!» እያለ ደሴ ያገሩን ልጅ ሁሉ አስቆ ነበር። የመጀመሪያው ዓሣ በሣሩ ላይ ሲፈራገጥ ያየ ዕለት ግን «እኔም ዓሣ ብሆን እታለል ነበር» አለና በራሱ ላይ አሳቀ።

«ዓሣ ዘንግ አይሰብርም» ይሉ ነበር ሚስ ሄለን በጅምር አማርኛቸው። «ሰው ነው ሰባሪ። በር ይዘጋበታል። ጫፉን አስቀድሞ ቁጥቋጦ ይገባል። መንጠቆ ድንጋይ ሲይዝ ደግሞ ክሩን ትቶ ዘንጉን ሽቅብ ይጎትታል።» መንጠቆው ድንጋይ ሥር በተሰነቀረ ጊዜ እርሳቸው ዘንጉን ሣር ላይ ያጋድማሉ፤ ክሩን በመሐረብ በተጠቀለለ እጃቸው ይዘው በቀስታ ይስቡታል። ዝንቢቱ ብትቀር ትቅር፤ ዘንጉ ግን ይድናል።

በኅዳር መጀመሪያ ወደ ደብረ ታቦር ሲሄዱ ዘንጉ የሚቀመጥበትን ዕቃ ቤት ቁልፍ ለዓለምጸሐይ ሰጧት። በዚያው ቅዳሜ ዓለምጸሐይ በአባቷ ደጅ ገብስ አስጥታ ዶሮ ስትከለክል ታደለች እየሮጠች መጣች።

«እቴ ዓለም፣ ነጠላዬን ዕቃ ቤት ረሳሁት። ቁልፉን ስጪኝ፤ አሁን እመልሰዋለሁ።»

«ምነው ራስሽን አልረሳሽው!» ብላ ዓለምጸሐይ እየሳቀች ቁልፉን ከአንገቷ ፈታ ሰጠቻት። ቁልፉ የተመለሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር። ነጠላ መፈለግ ያን ያህል ለምን እንደ ቆየ አልጠየቀችም።

ሰኞ ሚስ ሄለን ተመልሰው የዘንጉን የጨርቅ ከረጢት ሲፈቱ የዘንጉ ጫፍ ተሰብሮ ተገኘ። ዓለምጸሐይ ስብራቱን አየችው። በር የዘጋበት ቀርከሃ ይጨፈለቃል፤ ይህ ግን በቁመቱ ተሰንጥቆ ስንጥሩ እንደ ገብስ ጢም ቆሟል። ክሩ ተበጥሷል፤ ዝንቢቱም የለችም። ዘንጉን ሽቅብ የጎተተችው ታደለች እንደ ሆነች ያን ጊዜውኑ ገብቷት ነበር። ሆኖም «ፈርታ ነው፤ ራሷ ትነግረኛለች» ብላ ዝም አለች። ሰኞ አልፎ ማክሰኞ ነጋ፤ ታደለችም ነገረች፤ ለሌላ ጆሮ።

«ልጄ» አሉ ግራዝማች ይርዳው፤ «ወፏ ስምሽን ጠርታለች። ምን ትያለሽ?»

ዓለምጸሐይ እጇን ወደ ማተቧ ሰደደች። ሚስ ሄለን ከነገሩ ሁሉ የገባቸው ስሟ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«እንግዲያው ዋስ ጥሪና ሂጂ፤ ነገ ጥዋት መልስሽን ይዘሽ ነዪ» አሉ ሽማግሌው።

ዓለምጸሐይ ጠበቀች። ከታደለች በቀር ዋስ ይሆነኛል ያለችው አልነበረም። ታደለች አልተነሣችም።

«እኔ ዋስ ነኝ!» አለ ደሴ ከወዲያ ማዶ እየተንገዳገደ ተነሥቶ። «ብትጠፋ እኔን እሰሩኝ። ብቻ ዛሬ ልቀቁን፤ እግሬ የኔ መሆኑን ረስቶታል።»

ተማሪው ሳቀ፤ አቶ ዳኛቸውም ፈገግታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ጉባኤው ተበተነ።

ወሬው ቀድሟት ቤት ደርሶ ነበር። አባቷ መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ደጃፍ በድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ የኖሩ፣ ዛሬ በደብሩ ዜማ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት በላኩ ጊዜ የቅኔ ወንድሞቻቸው «መሪጌታ ልጁን ለፈረንጅ ዳረ» እያሉ አሽሟጠውባቸዋል። እርሳቸውም የፈቀዱላት በአንድ ቃል ነበር፤ ስሟ በአደባባይ በክፉ የተነሣ ዕለት ትምህርቷን ትታ ትመለሳለች።

«ሰበርሽው?»

«አልሰበርሁም፣ አባባ።»

«ቁልፉስ?»

«ለሰው ሰጥቼ ነበር።»

መሪጌታ ለማን ብለው አልጠየቁም። መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው ወደ ግድግዳው አስጠጉ።

«ነገ እመጣለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እውነቱ እዚያው በተሰበሰቡት ፊት ከወጣ ትማሪያለሽ። ካልወጣ ግን ቃሌ ቃል ነው። በልቤ ባምንሽም ያገሩን አፍ በልቤ ልዘጋው አልችልም።»

ማድጋዋን አንሥታ ወደ ምንጩ ወረደች። ታደለች እዚያ ነበረች፤ እንስራዋ ሞልቶ እየፈሰሰ ታየዋለች።

«ዓለም...»

«አትጥሪኝ።»

«ስሚኝ እንጂ፣ በማርያም!»

«ማርያምን አታንሺ። ለግራዝማች የነገርሽውን ሰምቼዋለሁ።»

ታደለች ዓይኗን ሰበረች። «ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም።»

«እኔም አልጠየቅሁሽ። ቁልፉን ከማተቤ ጋር የቋጠረችው የማን እጅ ናት?»

ታደለች እንስራዋ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ለመናገር ስትሞክር ለቅሶ ቀደማት።

«ልሞክር ብዬ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ሚስ ሄለን ልወረውር። ሁልጊዜ ዘንጉን የምትይዢው አንቺ፣ ቁልፉ ላንቺ፤ እኔ ዓሣ ተሸካሚ! መንጠቆው ድንጋይ ሥር ገባ። ደነገጥሁና ዘንጉን ሽቅብ ሳብሁት። ቋ አለ።»

«ለኔ አትነግሪኝም ነበር?»

«አጎቴ በጥር ሊድረኝ ሰበብ ይፈልጋል። ይህን ቢሰማ አንድ ቀን አያሳድረኝም። ያንቺ አባት መሪጌታ ናቸው፤ እግዚአብሔርን ያውቃሉ፤ ልጃቸውን ይምራሉ ብዬ...»

«አባቴ ምን እንደሚያደርጉ አንቺ ፈረድሽልኝ?»

ታደለች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ደንግጣ ብትዋሽ፣ አፏ አዳልጧት ቢሆን ዓለምጸሐይ ይቅር ለማለት መንገድ ታገኝ ነበር። ይህ ግን ተቀምጦ የታሰበ ነገር ነው። ታደለች ሁለቱን ሕይወት በሚዛን አስቀምጣ የእርሷን አቅልላዋለች፤ ይህንም ያደረገችው ትከሻዋን በዓለምጸሐይ ትከሻ ላይ አስደግፋ ነው።

«ዝም በይልኝ፣ እኅቴ» አለች ታደለች። «ሚስ ሄለን ይወዱሻል። ይቅር ይሉሻል። ሁለታችንም እናልፋለን።»

«ነገ ሲጠይቁኝ እናገራለሁ» አለች ዓለምጸሐይ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አንቺ ቀድመሽ ከተነሣሽ ግን እኔ አልነሣም። የራስሽ ቃል ይሁን።»

«ልታጠፊኝ ነው?»

«አባቴን ወደ አጎትሽ እንዲሄዱ እለምናቸዋለሁ። በጥር እንዳይድሩሽ እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን እለምናለሁ። ይህን አደርጋለሁ። ከነገ ወዲያ ግን ካንቺ ጋር በአንድ ወንበር አልቀመጥም።»

ማድጋዋን ለማንሣት ጎንበስ አለች። ሌላ ጊዜ የምታሸክማት ታደለች ናት። ብቻዋን በጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ግማሹ በቀሚሷ ላይ እየፈሰሰ ተሸከመችው።

በማግሥቱ ጥዋት ጉባኤው ከወይራው ሥር እንደገና ተቀመጠ። መሪጌታ ገብረ ሥላሴ ከዳር በመቋሚያቸው ተደግፈው ቆመዋል። ሚስ ሄለን ከረጢቱን በጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ግራዝማች ይርዳው ተነሥተው «አይቶ የደበቀ፣ ሰምቶ የሸሸገ፣ በሐሰት የሰው ስም ያነሣ ግዝት ይሁንበት» አሉ፤ ሁሉም «አሜን» አለ። የታደለች አሜን አልተሰማም።

«ዓለምጸሐይ፣ መልስሽን እንስማ።»

አልተነሣችም። በክቡ ማዶ ብቻዋን የተቀመጠችውን ታደለችን እያየች በልቧ አቡነ ዘበሰማያት ማድረስ ጀመረች፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ልትጠብቃት ቆርጣ ነበር። «ይቅር በለን» ከሚለው ስትደርስ ቃሉ አልገፋ አላት፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ደገመችው፤ አሁንም ደገመችው።

«ተነሺ እንጂ፣ ዋስሽን አታሳፍሪ!» አለ ደሴ። የሳቀለት አልነበረም።

ታደለች ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጥ አደረገች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ነጠላውን መልሳ ሳበችው።

ጸሎቱ አለቀ። ዓለምጸሐይ ተነሣች። ግራዝማች እንደ ሥርዓቱ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጧት።

«አይ፣ አባቴ፤ በጆሮ አልናገርም። ከዚሁ ቆሜ ሁሉም ይስማኝ።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። በእጃቸውም ፈቀዱላት።

«ቁልፉን ሚስ ሄለን አምነው የሰጡት ለኔ ነበር። እኔ ለሌላ ሰው ሰጠሁት። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እለምናለሁ። ዘንጉን ግን በር አልሰበረውም። ስብራቱን ይመልከቱት።»

አቶ ዳኛቸው ቃሏን ለሚስ ሄለን በእንግሊዝኛ ተረጎሙላቸው። ሚስ ሄለን የዘንጉን ጫፍ ከከረጢቱ አውጥተው የቆመውን ስንጥር በጣታቸው ዳሰሱ። ቀስ ብለው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁና ዓለምጸሐይን ዳግመኛ አዩዋት። አባቷ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንግዲያው ቁልፉን የተቀበለሽ ማን ነው?» አሉ ግራዝማች።

ዓለምጸሐይ ወደ ሽማግሌው አልዞረችም። ክቡን አቋርጣ ታደለች ፊት እስክትደርስ ሄደች። ልጅቱ ቀና ብላ እስክታያት ቆመች። ከዚያም ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ ግን ለልጅቱ ብቻ እንደምትናገር ሆና፣ «ታደለች» ብላ ስሟን ጠራች።