ወደ ዋጋው የሚያዩ ቤቶች

አርብ ጠዋት በክራገሉንድ የቤት ድለላ ቢሮ እንደ ወትሮው ተጀመረ። ሻጯ ቪቤከ ስቶውጎር መብራቱን አበራች፣ የቡና ማሽኑን ከፈተች፣ ቅቤና አይብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የቢሮው ባለቤት ፕሬበን ክራገሉንድ ኮቱን ሰቅሎ ዝናቡን አማረረ። ፎቶ አንሺው ያኒክ ቦዬ እያዛጋ ገባ። በየአርቡ ከመካከላቸው አንዱ ትኩስ ዳቦ ይዞ ይመጣል፤ የዚያን ቀን ተረኛው አዲሱን ድረ ገጻቸውን የሚሠራላቸው አስገር ቪንተር ነበር። ዳቦው አልመጣም። ፖሊስ መጣ።

መርማሪ ቶራ ሊንጎር በዚያ ሰዓት ስቬንቦር ከተማ ወደብ አጠገብ ባለ አንድ ቢጫ ቤት ውስጥ ቆማ ነበር። ቤቱ ለሽያጭ የቀረበ ባዶ ቤት ነው። ከውጭ ሲገቡ በስተግራ አንድ በር አለ፤ ከበሩ ጀርባ ደረጃው ቀጥ ብሎ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። አስገር ከደረጃው ሥር በቆመው ቆሻሻ ውሃ ላይ ወድቆ ሞቷል። አጠገቡ የአረቄ ጠርሙስ ተጋድሟል።

«ሰክሮ ነው የወደቀው» አለ አንዱ ፖሊስ።

ቶራ ወደ መግቢያው ዞረች። የሟቹ ጫማዎች ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። «ሰካራም ጫማውን እንዲህ አሳምሮ ካስቀመጠ፣ እኛ ሁላችን ሰክረን መኖር አለብን» አለች።

ሐኪሙም ቀና ብሎ «አፉ አረቄ አይሸትም፤ ሸሚዙ ላይ ግን ተደፍቷል» አላት።

የሟቹ ሚስት ሊስቤት ደጅ ላይ ዝናብ እየመታት ቆማለች። ባሏ አዳሩን ባለመመለሱ ለፖሊስ የደወለችው እሷ ናት።

«ሰክሮ ሞተ እያሉ ነው አይደል?» አለች።

«አንዳንዶቹ ይላሉ። ለምን ነበር እዚህ የመጣው?»

«የተነሱት ፎቶዎችና ቤቱ የሚመሳሰሉ አይመስለኝም፣ ሄጄ ልየው ብሎኝ ወጣ። ምድር ቤቱ ውሃ እንደሚገባው ካልተጻፈ ገጹን ለሕዝብ አልከፍትም ብሎም ከቢሮው ሰዎች ጋር ሲጨቃጨቅ ሰንብቷል።» የቶራን እጅጌ ያዘች። «እባክዎ፣ ሰካራም ብለው እንዳይቀብሩብኝ። ልጄ አድጋ አባቴ እንዴት ሞተ ስትለኝ ምን እላታለሁ?»

ቶራ ከዝናቡ አውጥታ መኪናዋ ውስጥ አስቀመጠቻት። የማታውቀውን ነገር ቃል መግባት አትወድም።

ቶራ ቢሮው ስትደርስ ሦስቱ የሚያውቁት አስገር ቢጫው ቤት ውስጥ ከደረጃ ወድቆ መሞቱን ብቻ ነበር። ቶራ መጀመሪያ ገና ለሕዝብ ያልተከፈተውን ገጽ አየችው። ቀላል ሥራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤት ጥቂት ፎቶ፣ ዋጋ፣ ካርታና አጭር መግለጫ። የአስገር ሥራ ንጹሕ ነው። መግለጫው ግን የደላሎቹ ነው፤ ጠባቡ ቤት «ምቹ»፣ ሊፈርስ የደረሰው «ብዙ ሊሠራበት የሚችል» ተብሏል። ከዚያ አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

«ቢጫውን ቤት ገብተው አይተውታል?» ብላ ቪቤከን ጠየቀቻት።

«እኔ? ኧረ በዝናብ ማን ይሄዳል! ከፎቶው ሌላ አላውቀውም።»

«ግን 'ልብ የሚያሞቅ ቤት' ብለው ጽፈዋል።»

«ሁሉንም እንደዚያ ነው የምንለው» አለች ቪቤከ፣ ቅንጣት ሳታፍር።

«እንዴት የወደቀ ይመስልዎታል?»

«እንግዲህ ሲገባ በቀኝ ያለውን በር መጸዳጃ ቤት መስሎት ከፍቶት ይሆናላ።»

ያኒክ ተራው ሲደርስ ቀድሞ እጁን አነሳ። «እኔ የለሁበትም! ትናንት ማታ የእጅ ኳስ ስጫወት አገር ምድሩ አይቶኛል። ከዚያ ወዲያ ከቡድኑ ጋር አመሸሁ። እንዴት እንደተሸነፍንም ማንንም ይጠይቁ።» ስለ ፎቶዎቹ ስትጠይቀው ግን ጆሮው ቀላ። የነገራትን ሰምታ፣ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችው።

ፕሬበን ሐዘኑን እንደ ኮቱ ለብሶ ገባ። «ምስኪን አስገር! ጎበዝ ልጅ ነበር፤ መጠጥ ባይወድ።»

«እርስዎ ቤቱን ያውቁታል?»

«እግሬ አልረገጠውም፣ ወይዘሮ ሊንጎር። ቁልፉ እዚህ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ከመካከላችን የፈለገ ይወስዳል።»

«እንዴት የወደቀ ይመስልዎታል?»

«ጨልሟል፣ ልጁ ሞቅ ብሎታል፣ በግራ ያለውን በር ይከፍታል፣ ደረጃ መሆኑን አያስተውልም፤ በቃ! ያውም ገጹ ሊከፈት ሲል።» የቆጨው ገጹ እንጂ ሰውዬው አይመስልም።

ቶራ ሦስቱንም ሰበሰበች፤ ሊስቤትንም ከመኪና አስጠርታ አስቀመጠቻት።

«አስገር አልጠጣም» ብላ ጀመረች። «አረቄው የተደፋበት ከወደቀ በኋላ ነው። ስለዚህ አብሮት ሰው ነበር። የቤቱ በር በኃይል አልተከፈተም፤ ቁልፍ ያላችሁ ደግሞ እናንተ ናችሁ። ያኒክ ማታውን ከሰው አልተለየም። የቀራችሁት ሁለታችሁ ናችሁ፤ ሁለታችሁም ቤቱን አናውቀውም ብላችኋል። ቪቤከ በሩ በቀኝ ነው አለችኝ። አቶ ፕሬበን በግራ ነው አሉኝ። በግራ መሆኑን ከየት አወቁ?»

«ከፎቶው ነዋ!» አለ ፕሬበን ሳቅ ብሎ። «ለዚህ ነው እንዴ ሰው የሚሰበሰበው?»

ቶራ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረችለት። ፎቶው ላይ በሩ በቀኝ በኩል ነበር።

ፕሬበን ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለ።

«ንገራቸው» አለችው ያኒክን።

«ገጹ ላይ ፎቶው በግራ፣ ዋጋው በቀኝ ነው የሚቀመጠው» አለ ያኒክ አቀርቅሮ። «ቤቱ ፊቱን ከገጹ ወደ ውጭ ካዞረ የገዢውም ዓይን ወደ ውጭ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ዋጋው እንዲያይ እገለብጠዋለሁ፤ እንደ መስታወት። የውስጡንም አብሬ ገለበጥኩት።»

«ማን አወቀብህ?»

«አስገር ብቻ። እነሱማ መቼ ቤት ያያሉ!»

«ቪቤከ ቤቱን ስለማታውቀው ተሳሳተች» አለች ቶራ። «እርስዎን ያጋለጠዎት ትክክል መናገርዎ ነው፣ አቶ ፕሬበን። ምናልባት ከስንት ዓመት አንዴ ስለ አንድ ቤት እውነት ተናገሩ።»

ፕሬበን ፊቱ አመድ መሰለ። «'ውሃ ይገባዋል' ብሎ ሊጽፍብኝ ነው! ማን ይገዛዋል ከዚያ በኋላ? ልለምነው ነው የሄድኩት፤ እምቢ አለ፣ ገፋ አደረግኩት። አስቤበት አይደለም! ጫማዬን እንኳ አውልቄ ነው የገባሁት።»

ቶራ ሰው በጫማው ሥር የተጣበቀ ነገር እንደሚያይ አየችው። «አረቄውስ?»

ፕሬበን ወደ ኮቱ እጁን ዘረጋ።

«አረቄውን ግን አስበውበታል። ገድለውት ሳይበቃዎ ስሙን ሊቀብሩ።»

ሲወስዱት ቪቤከ «ታዲያ ሰኞ ለቀጠርኳቸው ገዢዎች ምን ልበላቸው?» አለች።

ሊስቤት ከወንበሯ አልተነሳችም። «ታዲያ አልሰከረም?»

«አልሰከረም። አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ሪፖርቱ ላይ የምጽፈው ይህንኑ ነው፤ ልጅሽም ትልቅ ስትሆን ታነበዋለች።»

ሊስቤት ራሷን ነቀነቀች፣ የዝናብ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆለፈች፣ የልጇ የሕፃናት ማቆያ ሳይዘጋ ለመድረስ ወጣች። ማታ ቤታቸው እራት የበሉት እናትና ልጅ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አስገር የለም።