መስኮት ሦስት ዛሬ ዝግ ነው

ትኬት ቆራጯ መስኮቷን ከመክፈቷ በፊት የምታደርገው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ካፖርቷን ከወንበሩ ጀርባ ትሰቅላለች፣ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች፣ የማኅተሙን ቀለም ታረጥባለች። ከዚያ ሻይዋን ፉት እያለች ትጠብቃለች። የምትጠብቀው ግን ተሳፋሪ አልነበረም። ከጣሪያው ሥር የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ እስኪንኮሻኮሽ ነበር የምትጠብቀው።

«ተሳፋሪዎቻችን፣ እንደምን አደራችሁ! ወደ ሰሜን የሚሄደው የመጀመሪያ አውቶቡስ በር ሁለት ላይ ቆሟል። ዕቃ ብትረሱ እናስቀምጥላችኋለን። ልጅ ብትረሱ ግን አናሳድግም።»

የመናኸሪያው ሰዎች ይህን አስተዋዋቂ «ደወል» ይሉታል። ጥርት ያለ፣ እስከ መጨረሻው ወንበር የሚደርስ ድምፅ ነበረው። ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ስለሚቀመጥ ትኬት ቆራጯ መልኩን ሳታውቅ ድምፁን ለመደችው። አንድ ጠዋት በተሰለፈው ሰው ፊት እንዲህ ሲል ሰማችው፦

«መስኮት ሦስት፣ ሻይሽ እየቀዘቀዘ ነው።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ቀና ብላ ስታይ አንድ ቀጭን ወጣት ከላይ ሆኖ ብርጭቆውን አነሳላት። በምሳ ሰዓት ደረጃውን እየረገጠች ወጣች።

«ሰው ፊት እንዲህ ታዋርደኛለህ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? በማይክ ካልጠሩሽ ቀና አትዪም።»

ልትቆጣው ነበር የወጣችው፤ የወረደችው ግን ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እያፈነች ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው እንደማንኛውም ሰው ፍቅር ነው፤ ከሥራ በኋላ አብሮ መሄድ፣ መንገዱ እንዳያልቅ ቀስ ማለት። ቤቷ ሲመጣ እናቷ በሩን ከመክፈቷ በፊት ሰላምታውን ከውጭ ሰማች። «ይሄ ልጅ ሰላምታው ራሱ ያጠግባል» አለች። ሠርጉ ከክረምት በኋላ እንዲሆን ተነጋገሩ።

ክረምቱ ሲገባ ድምፁ መሻከር ጀመረ።

ማንም አልደነገጠም። የመናኸሪያው ኃላፊ «ሲጣራ የሚውል ሰው ጉሮሮው ካልሻከረ ምኑን ሠራ?» አለው። ፋርማሲስቱ የሚመጠጥ ከረሜላ ሰጠው። ታላቅ እህቱ፣ እሱ እታለም የሚላት፣ ዝንጅብልና ማር አፍልታ በፔርሙስ ትልክለት ጀመር። ክሊኒክ ሄዶ ቶንሲል ነው ተባለ፤ ክኒኑን ጨርሶ ሲመለስ ሌላ ክኒን ታዘዘለት። ሽማግሌው ዕቃ ተሸካሚ ደግሞ በደረጃው ሥር ባለፉ ቁጥር «አሁን ገና ወንድ ወንድ ሸተትክ!» ይሉታል።

ድምፁ ወፍሮ፣ ጎርንኖ፣ ዳር ዳሩ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተልትሎ ነበር። ተሳፋሪው ወደደው። እሷም ወደደችው።

«እውነቱን ልንገርህ? ያምርብሃል» አለችው አንድ ቀን። «ድሮ ደወል ነበርክ፣ አሁን ከበሮ ሆነሃል።»

«እንግዲያው ከረሜላውን ተውኩት።»

ክረምቱ አለቀ። «ድምፄ ይመለስና ነው የምንጋባው፤ እሺታዬን እየሳልኩ አልሰጥም» ብሎ ሠርጉን አራዘመው። እሷም የሚቀልድ መሰላት። በኋላ ግን ዳቦውን ሻይ ውስጥ ሳይነክር መዋጥ እንዳቃተው አየች። አንድ ጆሮውን እያሻሸ ያወራል። በኮሌታውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ያን ቀን እጁን ይዛ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰደችው።

የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ የሚያስገባው ቀጠሮ ሩቅ ነበር። ቀኑ ደርሶ ናሙና ተወሰደ። ውጤት ሊቀበሉ ሲሄዱ ናሙናው አልበቃም፣ እንደገና ይወሰድ ተባለ። እንደገና ሲሄዱ ናሙናውን የሚወስደው ሐኪም ፈቃድ ወጥቷል። በየመሃሉ እሱ ማይኩ ዘንድ ይመለሳል፤ እሷም ከታች ሆና ትሰማዋለች። አሁን የምትሰማው ግን ቃላቱን ሳይሆን በመካከላቸው የሚስበውን ትንፋሽ ነበር።

ውጤቱን የነገረቻቸው ወጣት ሐኪም ነገር አላስረዘመችም። ካንሰር ነው፤ ማንቁርቱ ላይ።

«ቀደም ብሎ ቢታይ ጨረር ብቻ ሊበቃው ይችል ነበር» አለች። «አሁን ማንቁርቱ በሙሉ መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው።»

«በምን ይናገራል?» አለች ትኬት ቆራጯ።

«ሲያገግም የሚሞከሩ ዘዴዎች አሉ። የድሮው ድምፅ ግን አይመለስም።»

«ካልወጣስ?» አለ እሱ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ከደነችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ካልወጣ አንተም ብዙ አትቆይም፣ ወንድሜ። አልጋ ሰኞ ጠዋት ይለቀቃል። ካመለጠህ ተራህን እንደገና ትጀምራለህ።»

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። እታለም የሌሊት ልብሱንና ፎጣውን በቦርሳ ይዛ መጣች። ትኬት ቆራጯም መጣች። እሱ አልመጣም። ስልኩን አያነሳም።

«ወንድሜን አውቀዋለሁ» አለች እታለም፤ ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ። «ከልጅነቱ ጀምሮ መርፌ ሲሉት አልጋ ሥር ነው የሚገባው። ሂጂ አምጪልኝ፤ እኔ አልጋውን ለሌላ እንዳይሰጡብኝ እቆማለሁ።»

መናኸሪያው ሳትደርስ ገና ከመንገድ ሰማችው። «ወደ ሰሜን የሚሄደው… አውቶቡስ…»

ደረጃውን ወጣች። ማይኩን ዘግቶ ሳያያት «አልሄድም» አለ።

«ለምን?»

«ከዚያ ስወጣ ምን ይዤ ነው የምመጣልሽ? ቁመናዬን እንደሆነ ታይዋለሽ። ገንዘብም የለኝም። ይቺው ድምፅ ናት ያለችኝ። እሷን አይደለም የወደድሽው?»

መዋሸት ቀላል ነበር። «አይደለም» ብትለው ግን እንደማያምናት ታውቃለች።

«እሷን ነው» አለች በመጨረሻ። «መጀመሪያ የወደድኩት ድምፅህን ነው። መልክህን ሳላይ።»

«ታዲያ!»

«ታዲያማ ያማረብህ በሽታህ ሆኖ ተገኘ! እኔም አጨበጨብኩለት።» ወደ እሱ አንድ እርምጃ ቀረበች። «ስማኝ። ድምፅህን ቅበሪ ካሉኝ እቀብራለሁ፤ አልቅሼ ይወጣልኛል። አንተን ቅበሪ አትበለኝ።»

ከታች አንድ ሹፌር ጥሪ ዘገየብኝ ብሎ ጡሩንባውን ነፋ። እሱ እጁን ማይኩ ላይ እንዳደረገ ቆየ።

«ዝም ብዬ ስቀመጥ ትሰለቺኛለሽ።»

«ዝም ብለህ ተቀምጠህ ታውቃለህና ነው?»

ሳይፈልግ ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ሳል ተለወጠ። ሳሉ ሲያልፍለት ጃኬቱን አነሳ። ከዚያ እንደገና ጎንበስ ብሎ ማይኩን ከፈተ።

«ተሳፋሪዎቻችን… መስኮት ሦስት ዛሬ ዝግ ነው። በመስኮት ሁለትና አራት… ተስተናገዱ። ስለ ትዕግሥታችሁ… እናመሰግናለን።»

ማይኩን ዘጋ። በመንገድ ላይ እጇን ይዞ ሄደ እንጂ ብዙም አልተናገረም። አልጋው አላመለጣቸውም። እታለም በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር እየተጨቃጨቀች አገኟት።

ቀዶ ሕክምናው ቀኑን ሙሉ ወሰደ፤ ጨረሩም ተከተለ። በሚቀጥለው ዓመት ጥቂት ሰዎች ባሉበት ተጋቡ። እሺታውን ራሱን ነቅንቆ ሰጠ፤ በጥያቄው መሃል ስለነቀነቀ የሚያጋቧቸው ሽማግሌ «ቆይ እንጂ፣ ልጨርስ!» አሉትና ሰው ሳቀ።

ዛሬም አለ። በመናኸሪያው የአውቶቡሶችን ስምሪት ያወጣል፤ የመነሻውን ሰሌዳ የሚጽፈውም እሱ ነው። ከላይ ሌላ ሰው ይጣራል። ጠዋት በመስኮት ሦስት ሲያልፍ መስታወቱን በቀለበቱ ሁለቴ ያንኳኳል፤ ያ ማለት ሻይሽ ቀዘቀዘ ነው። የከንፈሩን እንቅስቃሴ ታነባለች። ሲጣሉ ጀርባዋን ታዞርበታለች፤ እሱም በማንኪያ ብርጭቆ እየደበደበ እንድትዞር ያደርጋታል። እናቷ «ባልሽ ዝም ብሎም አፈኛ ነው» ትላለች።

አንዳንድ ጠዋት መስታወቱን እየወለወለች ድምፁን በጆሮዋ ለማምጣት ትሞክራለች። ይመጣላታል፤ የሚመጣው ግን ጎርናናው ነው። «መስኮት ሦስት ዛሬ ዝግ ነው» ያለው። እታለምን ጠየቀቻት፤ እሷም የምታስታውሰው እሱኑ ነው። ቀድቶ ያስቀመጠ ሰው የለም።

ሰልፉን ያሳቀባት፣ ጥርት ያለው፣ የመጀመሪያው ድምፅ ከእሷም ዘንድ የለም።