በታውፋሲ ስም የወጣው ባጅ

ከኦክላንድ የመጣችሁ የወንድሜ ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምነግራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከጨመርኩ ጀልባዬ ከነመረቧ ትስጠም። በሳቫዪ ደሴት ደግሞ የእኔን ጀልባ የሚቀድም እንደሌለ ዓሦቹም ያውቃሉ።

እዚያ ምሰሶው ሥር ምንጣፍ የምትጎነጉነውን ፔኒናን ታውቋታላችሁ፤ የእህቴ ልጅ ናት። አምና ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት ደንዝዛ ቆማለች። ስክሪኑ ላይ የቤተ ክርስቲያናችንን መስኮት የሚያህል ወርቃማ ባጅ ያበራል፤ ኢንተርኔት ላይ የሚወራውን እውነትና ውሸት መለየት ለተማረ ሰው የሚሰጥ ዲጂታል ምስክር ነው። ከሥሩ ስም አለ። ስሙ ግን የእሷ አይደለም፤ የእኔ ነው። ታውፋሲ ይላል።

«አጎትሽ ናቸው እንዴ የተፈተኑት?» አላት መምህር ኢዮአኔ።

«እኔ ነኝ ቲቸር።»

«ታዲያ ስምሽን ለምን አልጻፍሽም?»

«የቤታችንን ስም ነው የጻፍኩት።»

ምን ታድርግ? በእኛ መንደር ከቤት የሚወጣ ነገር ሁሉ በቤቱ አለቃ ማዕረግ ነው የሚጠራው። ምንጣፍ ቢሆን፣ አሳማ ቢሆን፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ስጦታ ቢሆን፣ ፓስተሩ «ታውፋሲ» ብሎ ያነባል እንጂ ማን ጎነጎነው፣ ማን አሳደገው ብሎ የሚጠይቅ የለም። የተማረችበት ስልክም የቤቱ ነው፣ አንድ ብቻ። እና ስም ሙዪ ሲላት፣ ጨዋ ልጅ የሚጽፈውን ጻፈች።

መምህሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስሚኝ ፔኒና፣ ዋና ከተማው አፒያ ውስጥ ለሚሰጠው የኮምፒውተር ሥልጠና ከእኛ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ብቻ ነው የሚወሰደው። የሚያዩት ደግሞ ባጅ ነው። አንቺ በስምሽ የለሽም።»

«አይስተካከልም?»

«ይስተካከላል። አጎትሽ እስከ ዓርብ መጥተው ‹ሥራው የእኔ አይደለም› ይበሉ፣ በቃ።»

ቀላል ይመስላል አይደል? ችግሩ «ታውፋሲ፣ ባጅ አግኝተዋል» የሚለው መልእክት ቀድሞ በስልኩ ገብቶ፣ ለመንደሩ ሽማግሌዎች አንብቤላቸው ነበር። በአድናቆት አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ፤ አንዳንዶቹ አፍ ውስጥ ዝንብ ሳይገባም አልቀረም። ከዚያ ወዲያ መንደሩ ሁሉ ወደ እኔ ጎረፈ። «ታውፋሲ፣ ትልቅ ማዕበል ይመጣል የሚለው ወሬ እውነት ነው?» ይሉኛል። እኔም ግንባሬን ቋጥሬ አስብና፣ ፔኒና ከኋላዬ ትንሽ ሹክ ስትለኝ፣ «ፎቶው የሌላ አገር ነው፣ ያውም የድሮ፤ ሂዱ ተኙ» እላቸዋለሁ። በመላው ፓስፊክ እንደ እኔ ያለ አጣሪ አልነበረም።

ፔኒናን ጓደኛዋ ሲዬኒ መንገድ ላይ ያዘቻት። «ለአጎትሽ አልነገርሻቸውም? ፋራ አትሁኚ ባክሽ። የአፒያውን ቦታ ሌላ ልጅ ሊወስደው እኮ ነው።»

«ባጁ የእኔ ነው ብለው በሰው ሁሉ ፊት ተናግረዋል። አሁን ሄደው ‹የእኔ አይደለም› ሊሉ? ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ መሃል እንዴት ይቀመጣሉ?»

«እሳቸው ይቀመጡ፣ አንቺ ቁሚ እንግዲህ» አለችና ትታት ሄደች።

ሐሙስ ማታ ፔኒና ጎደሬና ዓሣ አቀረበችልኝ። ሳህኑን አስቀምጣ አልሄደችም።

«አጎቴ።»

«ምነው?»

«ጨው ይጨመርልዎ?»

ሄደች፣ ጨው ይዛ ተመለሰች፣ እንደገና ቆመች። ያኔ ነው እንግዲህ እንባዋ ዱብ ያለው፤ ሁሉን ዘረገፈችልኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ዝናቡ ዛፍ ይነቅል ነበር። ወንዙን በዋና አቋርጬ ርእሰ መምህሩ ፊት ውሃ እያንጠባጠብኩ ቆምኩና «ባጁ የልጄ ነው፤ እኔ ፊደሉን እንኳ በመነጽር ነው የማየው» አልኩ። መምህራኑ አለቀሱ። ስሙ እዚያው ተቀየረ። ፔኒና ወደ አፒያ በሚሄደው መርከብ ስትሳፈር መንደሩ በሙሉ ወደቡ ላይ ወጥቶ ዘመረላት። ሥልጠናውንም ከሁሉም በልጣ ጨርሳ መጣች።

«አጎቴ» አለች ፔኒና ከምሰሶው ሥር። እጇ ምንጣፉን መጎንጎን አላቆመም፤ ድምጿንም ከፍ አላደረገች። «አልሄዱም እኮ።»

«የት?»

«ትምህርት ቤት። ዓርብ ጀልባውን ሲጠግኑ ነው የዋሉት። ዝናብም አልነበረም።»

«ታዲያ ስትነግሪኝ...»

«አልነገርኩዎትም። ጨው ይጨመርልዎ ብዬ፣ ጨውን ሰጥቼዎት ወጣሁ። እርስዎ የሰሙት መርከቡ ከሄደ በኋላ ከቲቸር ነው። አፒያ የሄደችው ሲዬኒ ናት። ባጁም ዛሬም በእርስዎ ስም ነው ያለው።»

ልጆቹ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ባሕሩ ዞርኩ።

ፔኒና የያዘችውን ቅጠል እስከ ጫፉ ጎንጉና ጨረሰች። ከዚያ ተነሥታ መጣችና እጇን ዘረጋችልኝ።

«ስልኩን ይስጡኝ። የባጁን ትምህርት ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ አሁን ፔኒና ብዬ ነው የምጽፈው።»