ዲስኩን የሞላው የዩስፍ ስም

እኔ እንኳን ጂን ላምን፣ ጎረቤቶቻችን «በቀትር በደቻቱ ወንዝ አሸዋ አትለፍ፣ ጂን አለበት» ሲሉኝ ሆን ብዬ የማልፍ፣ ሲቆጡኝም የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ ስለዚህ የማወራችሁን ሰምታችሁ «ፀሐይ አናቱን መትታው ነው» ብትሉ አልቀየማችሁም፣ እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ ብያለሁ መሰላችሁ።

ጊዜው ደርግ ወደ ማብቂያው ነው፣ እኔ ድሬዳዋ በአንድ ፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ኮምፒዩተር የሚባለው ነገር ሲመጣ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሰልጥኜ ተመለስኩና ንጉሥ ሆንኩላችሁ። ለማሽኑ የብቻው ክፍል ተሰጠው፣ ማቀዝቀዣ ተገጠመለት፣ ሥራ አስኪያጁ እንኳ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። ሥራዬ የሠራተኛውን መዝገብ ወደ ውስጡ መገልበጥ ነበር፣ መዝገቡ በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ ማሽኑ ደግሞ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ የልደት ዓመት ላይ ስምንት እየደመርኩ አስገባለሁ።

የፋብሪካውን ማሽኖች ዘይት የሚቀባ ዩስፍ የሚባል ሰው ነበር፣ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ሰው ላይ ሳይቀልድ የማያልፍ። ለብሔራዊ ውትድርና ከሠላሳ ያልበለጡ ይውጡ ሲባል ዝርዝሩን ያወጣው የእኔ ማሽን ነው፣ ዩስፍም ሃያ ስምንት ዓመት ተብሎ ወጣ። እየሮጠ መጣ።

«አቦ ተስፍሽ፣ ያ ሳጥንህ ምን አይቶ ነው ጎረምሳ ያደረገኝ? ወላሂ ሽበቴን አሳየው!»

ሳቅኩበት። «ኮምፒዩተር አይሳሳትም» አልኩት። የልደት ወረቀት የለው፣ ማን ይስማው፣ በሳምንቱ ከሌሎቹ ጋር ተጭኖ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ነው መዝገቡን ገልጬ ያየሁት፣ እሱ ላይ ስምንትን ሁለት ጊዜ ደምሬያለሁ። ልናገር ብዬ ተነስቼም ነበር፣ ግን ያን ጊዜ ስህተት የሚባል ነገር የለም፣ አሻጥር ነው የሚባለው፣ አሻጥረኛ የተባለ ደግሞ የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ፣ ለራሴ ፈራሁና ዝም አልኩ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ማሽኑ «ዲስኩ ሞልቷል» እያለ ሥራ አስቆመን። አለቃዬ ጓድ ሽመልስ አፈጠጠብኝ፣ «ግማሹ ባዶ ነው ብለኸኝ አልነበረም እንዴ? ምን በላው? ፈልገህ አግኝ!»

የድሬ ቀትር እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተማው በሩን ዘግቶ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ፋይሎቹን ዘርዝሬ መጠናቸውን አንድ በአንድ ሳይ፣ አንዱ የሌሎቹ ሁሉ ድምር አይደርስበትም። ስም የለውም፣ የሠራተኛ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ስከፍተው የዩስፍ ስምና የልደት ዓመቱ፣ ያውም ትክክለኛው፣ እኔ ያላስገባሁት፣ ከሥሩ እንደገና ያው፣ ከሥሩም ያው፣ ገጹን ባገላብጥ ባገላብጥ ማለቂያ የለውም። የክፍሉ ቁልፍ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው፣ እመኑኝ።

አጠፋሁት። በማግስቱ ቀትር ስመጣ ተመልሷል። እጄን ከማሽኑ ላይ አንስቼ ዝም ብዬ አየሁ፣ ትንሿ ቀይ መብራት ብልጭ አለች፣ ዲስኩ ክርር አለ፣ አንድ መስመር ተጨመረ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ክርር። የተኛ ሰው ሲተነፍስ አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው።

«ተገኘ?» አለኝ ጓድ ሽመልስ ከሰዓት።

«የቆየ ቆሻሻ ነው ጓድ፣ አጽድቼዋለሁ።» ምላሴን ይቁረጠውና፣ ቆሻሻ አልኩት።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆንን፣ በየቀትሩ አጠፋዋለሁ፣ እሱ ይመለሳል። አንድ ቁጥር ማስተካከል፣ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ነበር እኮ፣ ምናልባት ሰውየው ይመለስ ነበር። ማታ ማታ ነገ እናገራለሁ እላለሁ፣ ሲነጋ የጓድ ሽመልስን ፊት አይና እተወዋለሁ።

አንድ ረቡዕ ቀትር ድምፁ ተራራቀብኝ። ክርር ይልና ይቆያል፣ ቀረ ስል ደግሞ ክርር፣ ከዚያ የባሰ ይቆያል። በመጨረሻ ስሙን ጻፈ፣ ዓመቱን ሳይጽፍ ቀረ። ሰዉ ከእረፍት እስኪመለስ ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ያን ጊዜ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እፎይ፣ ተገላገልኩ ብዬ አጠፋሁት፣ ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። የምን መቆም እንደሆነ የገባኝ ማታ ቤቴ ሄጄ እራቴን ስቆርስ ነው፣ ጉርሻውን ወደ ትሪው መለስኩት።

በማግስቱ የዩስፍ ባለቤት ፋጡማ መጣች፣ ከቀፊራ ገበያ መመለሷ ነው፣ ዘንቢሏን በሩ ላይ አስቀመጠች።

«ወንድሜ፣ ከትናንት ቀትር ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ከዩስፍ ወሬ የለም?»

«የለም» አልኳት፣ ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ዘንቢሏን እያየሁ። «ወሬ ከሌለ ደህና ነው ማለት ነው።»

ዩስፍ አልተመለሰም፣ ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣም፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ግን ፋጡማ ፊቷ በራ፣ «አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ አንተ ባትኖር ማንን እጠይቅ ነበር!» ብላ መረቀችኝ። እኔም ከወንበሬ ተነስቼ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ አሜን አልኩ።